የማይሞላው የራግና ሬዲዮ

ስካርቮያ ደሴት፣ ማክሰኞ ኤፕሪል 9 ቀን 1996

ለጉንቮር፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ደህና መሆንሽን የፖስታ ጀልባው ነጂ ኤይለርት ነግሮኛል፤ ስለዚህ ቀለም አላባክንም። እኔም ደህና ነኝ። ጣሪያው ደህና ነው። ድመቷም ደህና ናት። ደህና ያልሆነው አንቺ የላክሽው ዕቃ ነው።

እኅትሽ ከሞተች ይኸው ስምንት ሳምንት ሞላት። የዛሬ ሦስት ዓመት ለልደቷ ከነቻርጀሩ የላክሽላት የእጅ ሬዲዮ እሷ እያለች አንድ ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። አሁን ቻርጀሩ ላይ አቆመዋለሁ፣ ቀዩ መብራት አይበራም። አነሳዋለሁ፣ መልሼ አቆመዋለሁ፣ አይበራም። ሦስት ቀን ሙሉ አቁሜው ስከፍተው ድንጋይ ሆነ። ድንጋይስ ቢወረወር ድምፅ አለው።

ትልቁን ሬዲዮ ተጠቀም እንዳትይኝ፣ አንቴናውን የጃንዋሪ ማዕበል ከነምሰሶው ባሕር እንደከተተው ታውቂያለሽ። የቀረን ይሄ ነው። የቀረኝ ማለቴ ነው።

የሬዲዮ ማኅበራችሁ ሊቀመንበር ጽፎልኛል። ጁን 1 ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የዓመቱን ሟቾች የጥሪ ስም ሦስት ሦስት ጊዜ ትጠራላችሁ፤ ከሟቹ ቤት አንድ ሰው በሬዲዮ ወጥቶ «ጣቢያው ተዘግቷል» ብሎ ይመልሳል። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ሃያ ዓመት ከራግና ጎን ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ከቤቱ መልስ ካልመጣ ግን ሊቀመንበሩ ራሱ ይመልሳል ይላል። ራሱ! ለራግና! ያ አፉን እንደ ተጠመደ ዓሣ የሚከፋፍት ሰውዬ!

የሬዲዮ ፈቃዱ አለኝ። በስልሳ ስምንት ዓመቴ፣ እሷ መጽሐፉን ጮክ ብላ እያነበበችልኝ፣ በቃሌ አጥንቼ የተፈተንኩት ፈቃድ ነው። የሌለኝ የሚሠራ ሬዲዮ ነው። እንግዲህ የላክሽው አንቺ ነሽ፣ የሚበጀውንም ንገሪኝ።

በስልክ እንዳትሞክሪ። ተነቅሏል።

የእኅትሽ ባል
ቶርላይፍ

ጽሕፈቴን እያየሽ እንዳትስቂ። የዚህ ቤት ጸሐፊ እሷ ነበረች።


ስካርቮያ፣ አርብ ኤፕሪል 19

ለጉንቮር፣

ሰላምታሽ ደርሶኛል። ከሰላምታው በታች ያለው ሁለት ገጽም ደርሶኛል። ዘጠኝ ጥያቄ! እኔ ባትሪ አልሞላ አለኝ አልኩ እንጂ ሰው ገደልኩ አላልኩም። ለማንበቡ ብቻ አንድ ቀን ሄዶብኛል። ይኸው መልሱ።

ሶኬቱ ይሠራል። የራስጌ መብራቴን ሰክቼበት በርቷል።

ሽቦው አልተበላም። ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ዳስሼዋለሁ። ገመድ መዳሰስ አንቺ አታስተምሪኝም።

ቻርጀሩ ይሞቃል ወይ ብለሻል። ይሄ እጅ አምሳ ሁለት ዓመት በክረምት መረብ የጎተተ እጅ ነው፤ የፈላ ድስትም አይሰማው። ድመቷን አስቀመጥኩበት። ተኛች። እንግዲህ ይሞቃል ማለት ነው።

የቻርጀሩን የነሐስ ነጥቦች በላጲስ እንድፈትግ አዘሻል። ላጲስ የለኝም። ጽፎ የማያውቅ ሰው ምን ያጠፋል? በሆምጣጤ ጠርጌያቸዋለሁ፤ ፊት የሚያሳዩ ሆነዋል።

ጨው ነክቶት ይሆን ትያለሽ። ደሴት ላይ ነው የምኖረው! እኔንም ብትልሺኝ ጨው አለኝ።

ሬዲዮውን አጥፍቼ ነው ቻርጀሩ ላይ የማቆመው። ይሄም ጥያቄ ነው?

ሰባተኛው፦ ራግና የሠራችለትን የሱፍ ሹራብ አውልቀህለታል ወይ ብለሻል። ራቁቱን ነው። እንደ ተላጠ ድንች ነው። ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።

ስምንተኛው፣ ስልኩን ለምን ነቀልክ። ይሄ የሬዲዮ ጥያቄ አይደለም።

ዘጠነኛው፣ የኔን ሬዲዮ ይዤልህ ልምጣ ወይስ እኔው ልመልስልህ። አትምጪ፤ አትመልሺልኝም። ለቤቴ የሚመልስ ከቤቴ ነው፤ የሚመልሰውም በእሷ ሬዲዮ ነው። ሁለተኛ ይህን ብትጽፊ ደብዳቤውን ሳልከፍት ዓሣ እጠቀልልበታለሁ።

ኤይለርት ጀልባው ላይ ሆኖ፣ «ሽማግሌው፣ በየሳምንቱ ለማን ነው የምትጽፈው? ሴት አገኘህ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ስድቤን በፖስታ የምትልክልኝ» አልኩት።

«ታዲያ እሷማ ሚስት ናት» አለና ሞተሩን አስነሳ። የሚጫወትበት አጥቷል።

ቶርላይፍ


ብሬድቪክ፣ ኤፕሪል 25

ውድ ቶርላይፍ፣

ለድመቷ ሰላምታ አቅርብልኝ። የዚያ ቤት ብቸኛ ቴክኒሻን እሷ ሆና አግኝቻታለሁ።

ሶኬቱ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ ቻርጀሩም ከሞቀ፣ ሬዲዮውም ራቁቱን ከሆነ፣ እንግዲህ ባትሪው ሞቷል ማለት ነው። ራቁቱን ነው ስላልከኝ አምኜሃለሁ። በዚህ ጥቅል ውስጥ አዲስ ባትሪ ሞልቼ ልኬልሃለሁ። ጥርጣሬ እንዳይቀር ደግሞ የራሴን ቻርጀር አክዬበታለሁ። የሬዲዮውን ጀርባ ወደ አንተ አዙር። ከታች ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ በአውራ ጣትህ ስትገፋት አሮጌው ባትሪ ይወጣል፤ አዲሱን ጠቅ እስኪል ግፋው። በቃ። ሙሉ ስለሆነ ወዲያው መሥራት አለበት።

አሮጌውን በሚቀጥለው ጀልባ ላክልኝ፣ እዚህ በመለኪያ ልየው።

አንድ ሌላ የምነግርህ ነገርም አለ። ስለ ራግና ነው። በወረቀት የሚጻፍ አልመሰለኝም። አንድ ቀን እንኳ፣ ለአምስት ደቂቃ፣ ስልኩን ብትሰካው።

ዋርሳህ
ጉንቮር


ስካርቮያ፣ አርብ ሜይ 3

ለጉንቮር፣

ጥቅሉ ደረሰ። ስለ ቸኮሌቱ አመሰግናለሁ። ስለ ቀረው አላመሰግንም።

አስገባሁት። ጠቅ አለ። አልሠራም። ያንቺ ቻርጀር ላይ አቆምኩት፣ አይበራም። በእኔው ላይ አቆምኩት፣ አይበራም። ሁለት ቻርጀር፣ ሁለት ባትሪ፣ አንድ ጨለማ። እናንተ የከተማ ሰዎች ዕቃውን የምትገዙት በማሸጊያው ነው። የአባቴ የጀልባ ፋኖስ ስልሳ ዓመት ሠርቷል፤ ማንም ሰው ስለ ፋኖሱ ዘጠኝ ጥያቄ ጠይቆት አያውቅም።

አሮጌውን ባትሪ ይኸው ልኬዋለሁ። ለክተሽ ሞቷል በዪኝና እንገላገል።

የምትነግሪኝ ካለሽ ያዢው። በስልክ የተነገረኝ ይበቃኛል። ፌብሩዋሪ 13 ጠዋት ድንች እየላጥኩ ነበር። ያን ዕቃ በእርጥብ እጄ አነሳሁት፣ አንቺ ነበርሽ፣ የነገርሽኝንም ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሽቦ ወደ ቤቴ ምንም አይገባም።

ቶርላይፍ


ብሬድቪክ፣ ሜይ 13

ቶርላይፍ፣

ሰላምታ የለኝም። አንተ ሽማግሌ ውሸታም!

ባትሪ በፖስታ በላክሁ ቁጥር ነጥቦቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ ነጭ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ። በአንተው ላይም ለጥፌ፣ «ለቶርላይፍ፦ ይህን አንሥተህ አስገባ» ብዬ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩበት። አሁን «አሮጌው ነው» ብለህ የላክህልኝን ፈታሁት። ፕላስተሩ አለ። ከነጽሑፌ! ሲነካ እንኳ ጫፉ አልተነሣም። የላክሁልህን መልሰህ ላክህልኝ፣ እኔም እንደ ጅል መለኪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ለካሁት። ሙሉ ነው። እንዴት አይሞላ! የሞላሁት እኔ ነኝ!

ጠቅ አለ አልከኝ። ምኑ ነው ጠቅ ያለው? ጉልበትህ?

የሬዲዮው ጀርባ አልተከፈተም። ለምን እንዳልተከፈተ አሰብኩ፣ ብዙም ማሰብ አላስፈለገኝም። ሹራቡ እላዩ ላይ ነው። ከመጀመሪያውም እላዩ ላይ ነበር። የጣት ውፍረት ያለው ሱፍ በሬዲዮውና በቻርጀሩ መካከል ገብቶ፣ ነሐስ ከነሐስ ሳይገናኝ፣ እንኳን የኔ ቻርጀር መብረቅም አይሞላው! «እንደ ተላጠ ድንች» አልከኝ። አንድ ወር ሙሉ የእኅቴን ሐዘን ትቼ ላንተ ባትሪ ሳመላልስ ከረምኩ።

ባትሪውን ከነፕላስተሩ መልሼ ልኬልሃለሁ፤ አንተ ሹራቡን አውልቅ። ሌላ ሥራ የለውም፤ ማውለቅ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶሃል።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ጁን 1 ቀን ስሟን የምጠራው እኔ ነኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፣ ዝርዝሩን የማነበው እኔ ነኝ። የእኅቴን ስም ሦስት ጊዜ ጠርቼ፣ ያ ሰውዬ በዚያ ድምፁ «ጣቢያው ተዘግቷል» ሲለኝ መስማት አልችልም። ያንተ ብቻ አይምሰልህ። ለኔም ሞታብኛለች።

ጉንቮር


ስካርቮያ፣ አርብ ሜይ 17

ለጉንቮር፣

ዛሬ የባንዲራ ቀን ስለሆነ ጀልባ የለም። ባንዲራውን ሰቅያለሁ፤ ገመዱን የምትይዝልኝ ሰው ስለሌለች ሁለት ጊዜ ተጠማዞብኛል። ይህ ደብዳቤ እስከ ማክሰኞ ኪሴ ውስጥ ይቆያል። እስከዚያ ካልቀደድኩት ይደርስሻል።

ዋሽቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት። አንድ ጊዜ ነው የምጽፈው።

ግን ሞኝ አታድርጊኝ! ሱፍ መብራት እንደማያሳልፍ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ። ቀዩ መብራት ያልበራ ጊዜ፣ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ጥፋቱ የባትሪው እንዲሆን ፈለግሁ። የቻርጀሩ እንዲሆን ፈለግሁ። ያንቺ እንዲሆን ፈለግሁ፤ ከሁሉ ከሁሉ ያንቺ እንዲሆን ነበር የፈለግሁት። አንቺ የላክሽው ባትሪ ቢበላሽ ኖሮ ምን ነበረበት?

ሹራቡ ከላይ ለአንቴናው ቀዳዳ አለው፤ ከሥር ደግሞ እንደ ከረጢት አፍ በክር ይታሰራል። ጃንዋሪ 22 ጠዋት፣ ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ጀልባ ጡሩምባውን እየነፋ፣ እሷ ኮቷን ለብሳ ወጥ ቤት ቆማ ታስረዋለች።

«ተዪው፣ ኤይለርት እየጠበቀ ነው፤ እኔ አስረዋለሁ» አልኳት።

«ያንተ ቋጠሮ የሚፈታው በመዶሻ ነው» አለችኝ። ቋጠረችው። መስኮቱ ላይ አቆመችው። ሄደች።

አንቺም እሷም የሸለቆ ልጆች ናችሁ፤ ይህን የሚያውቁት የደሴት ሰዎች ናቸው። እዚህ፣ በባሕር የሄደ ሰው እቤቱ ቋጥሮ የተወውን፣ የቀረው ሰው አይፈታውም። ሄያጁ ተመልሶ ይፈታዋል። የጫማ ክርም ይሁን ጆንያ። አባቴ ቋጥሮት የሄደውን የድንች ጆንያ እናቴ አልነካችውም። ከጎረቤት ተበድረን በላን። በሜይ ድንቹ በቀለና ጆንያውን ቀዶ ወጣ። አባቴ ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቡቃያው ነጭ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

የአሮጊት ተረት ነው በዪ። በዪው! ራግናም ትል ነበር። ግን እሷም እኔ ባሕር ስወጣ የቋጠርኩትን አልፈታችም፤ አርባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። እኔም አርባ ዘጠኝ ዓመት ተመለስኩ።

ቋጠሮዋ ደግሞ ቋጠሮ አይደለም። ላም እንኳ አያስርም እያልኩ ስስቅባት ነው የኖርኩት። በየቀኑ ከመስኮቱ አወርደዋለሁ፣ እጄን አቀርባለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ወጥቼ ለማንም ለምንም እጮሃለሁ። ትናንት በአንድ የባሕር ወፍ ላይ ጮኼያለሁ። ወፏ ምን አደረገችኝ?

ቢላ የሚለውን ቃል እንዳትጽፊልኝ።

እንግዲህ ሊቀመንበሩ ይመልስ። አፉን ይክፈት።

ቶርላይፍ


ብሬድቪክ፣ ሜይ 23

ቶርላይፍ ወንድሜ፣

በወረቀት አይጻፍም ያልኩህን ነገር ልጽፈው ነው። ቁጭ በል።

ፌብሩዋሪ 12 ከሰዓት በኋላ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ብዙ ስትተኛ ቆይታ ነቃች። «ለቶርላይፍ ምን ልንገርልሽ?» አልኳት። ዓይኗን ገልጣ ጥቂት አሰበች። ከዚያ፣ ቃል በቃል፣ እንዲህ አለችኝ፦

«ያንን ሬዲዮ ሞልቶት አያውቅም፤ ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ሹራቡን ፈትቶ እንዲያወልቀው ንገሪው። ካልነገርሽው ከነልብሱ ያቆመውና ይሰድበዋል።»

ሳቅ ብላ ተኛች። ሌላ አልተናገረችም።

በማግሥቱ ጠዋት ስደውልልህ ይህንንም ልነግርህ ነበር። የመጀመሪያውን ቃል ሰምተህ ዘጋኸው። መልሼ ስደውል መስመሩ ሞቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አፈርኩ። ለአርባ ዘጠኝ ዓመት ባሏ የላከችው የመጨረሻ ቃል ስለ ባትሪ ነው ብዬ እንዴት ልጻፍልህ? የሚበልጥ ነገር ይዤልህ ብመጣ እያልኩ ነበር። አንድ ቀን «ምን አለች?» ብለህ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። በየደብዳቤህ ፈለግሁት። አልጠየቅህም።

ሰባተኛው ጥያቄዬ የኔ አልነበረም። የእሷ ነበር።

የሸለቆ ልጅ ነኝ፣ ደንባችሁን አላውቅም። ግን ሄያጁ ራሱ ፍታው ካለ ደሴታችሁ ምን ይላል? ይህን አንተ ታውቃለህ። እኔ ጁን 1 ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እጠራታለሁ።

ጉንቮር


ስካርቮያ፣ ማክሰኞ ጁን 4

ለጉንቮር፣

እንደምን አለሽ። ዛሬ መልሱን ስለምፈልግ ነው የጠየቅሁት።

በመጀመሪያ ቅሬታዬን ልጨርስ። ያንን ቃል መቶ አምስት ቀን ይዘሽው ተቀመጥሽ። ቆጥሬዋለሁ። «ስለ ባትሪ ነው» ትያለሽ! ታዲያ ስለ ምን እንዲሆን ፈለግሽ? ስለ ጽጌረዳ? ያቺ ሴት በሕይወቷ የማይጠቅም ነገር ተናግራ አታውቅም። ደብዳቤሽን ማክሰኞ ተቀበልኩት፤ ማክሰኞ ተናደድኩብሽ፣ ረቡዕም ተናደድኩብሽ። ያንኑ መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። «ከነልብሱ ያቆመውና ይሰድበዋል።» እዚህ ወጥ ቤት ቆማ የምታየኝ ነው የመሰለኝ።

ሐሙስ ጠዋት የደብዳቤሽን ጀርባ አዙሬ ቋጠሮውን ሳልኩት። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎን። መጻፍ ባልችል ገመድ መሳል እችላለሁ። ከዚያ እጄን ታጥቤ ጫፏን ሳብኩ።

በአንድ ጣት ተፈታ፣ ጉንቮር። ምንም አልታገለኝም። አርባ ዘጠኝ ዓመት የሳቅሁበት ቋጠሮ! እኔ እንዳይፈታ እቋጥራለሁ፤ እሷ ሬዲዮውን ልትሞላ በየአርቡ የምትፈታውን ነበር የምትቋጥረው። ይህን ማንም አልነገረኝም። እሷም አልነገረችኝም፤ እየሳቅሁ ስለነበር ይሆናል።

ቀዩ መብራት በራ። እኔና ድመቷ ፊቱ ተቀምጠን አየነው። ሌላ ሥራ ነበረኝ፤ አልሠራሁትም።

ስለ ቅዳሜው ደግሞ ልውቀስሽ። ስሟን አፍጥነሽ ነው የጠራሽው፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አጣብቀሽዋል። ሰው የመናገሪያ ቁልፉን እስኪጫን ጊዜ ይሰጠዋል። የእጅ ሬዲዮ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከኮረብታው ጫፍ ነው፤ ያን ኮረብታ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው የወጣሁት።

ደንቡን አፍርሰሃል ብለሽ ሳትጽፊልኝ በፊት ልንገርሽ፤ አውቄ ነው ያፈረስኩት። «ጣቢያው ተዘግቷል» አልልም። «ራግና አትመልስም፤ ቤቱ ግን ይሰማል» አልኩ፤ ደግሜም እለዋለሁ። ሊቀመንበራችሁ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቼዋለሁ። ይጥረግ። ባሕር ዳር ያለ ሰው ጉሮሮው ይከረክራል።

አንቺም ደንብ አፍርሰሻል። ወዲያው የሚቀጥለውን ስም መጥራት ነበረብሽ። ያን ያህል ጊዜ ቁልፉን ተጭኖ ዝም ማለት ባትሪ መጨረስ ነው። እኔ አልተቃወምኩም። መስመሩ ክፍት መሆኑ ይሰማ ነበር፤ አንቺም መተንፈስሽ ይሰማ ነበር።

ቻርጀርሽን በዚህ ጀልባ መልሻለሁ። ባትሪውን ግን አስቀርቼዋለሁ፤ ፕላስተሩን አንሥቼ፣ እንዳዘዝሽኝ። ኤይለርት ጥቅሉን ሲቀበለኝ፣ «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አለ። «ሄደህ ጠይቃት፤ ዘጠኝ ጥያቄ ይዘህ ሂድ» አልኩት።

ስልኩ እንደተነቀለ ነው፤ ስለ እሱ አትጨቅጭቂኝ። የምትነግሪኝ ካለሽ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በማኅበሩ ሳምንታዊ የሬዲዮ ዙር ንገሪኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እሷ ታደርገው እንደነበረው። ከደበቅሽኝ ደግሞ እጽፍልሻለሁ፣ አንቺም ታነቢዋለሽ።

ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ነው። ኮረብታው ላይ ይበርደዋል ብዬ ሹራቡን መልሼ አልብሼዋለሁ። ሥዕሉን እያየሁ በእሷ አቋጣጠር አሰርኩት፤ ሦስት ጊዜ አበላሽቼ በአራተኛው ተሳካልኝ። አስቀያሚ ነው። እንግዲህ አርብ የምፈታው የራሴን ነው።

ቶርላይፍ